በልጆቼ አባት ራስ ውስጥ የበራው መብራት

ሦስቱ ፊልሞች እስከ ዛሬ በቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ ከአንሶላዎቹ ሥር አሉ። የልጆቼ አባት ጭንቅላት ከውስጥ የተነሣባቸው ናቸው። እንዲሁ ሲያዩአቸው ጥቁር ላስቲክ ይመስላሉ። መስኮት ላይ ሲያስደግፏቸው ግን የሰው ራስ ቅርጽ ይወጣል፤ መካከሉ ላይም ሁለት ትንንሽ ብርሃኖች ሊኖሩበት ይገባ የነበረ ቦታ ይታያል። ሌላዋ ሴት የባሏን ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ትሰቅላለች። እኔ የባሌን የራሱን ውስጥ መስኮት ላይ ሰቅዬ አንድ ዓመት ኖርኩ።

ቋንቋዬ ትግርኛ ነው። መጻፍ የተማርኩት ግን በአማርኛ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስሠራ ከሥራ በኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ስለዚህ ሳወራ በአንዱ፣ ስጽፍ በሌላው ነው። የተቀላቀለብኝ ቃል ካለ አንባቢ ይለፈኝ።

የልጆቼ አባት አስመራ፣ ማይ ጭሆት ሰፈር ውስጥ ብስክሌት ይጠግን ነበር። የተጣመመ ጎማ በጣቱ እያሽከረከረ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየነካ፣ በድምፃቸው ብቻ የትኛው እንደላላ ያውቃል። በሽታው የጀመረው ከነጻነት በፊት በቀኝ አውራ ጣቱ ነው። ጣቱ ገንዘብ እንደሚቆጥር ሰው ትንቀሳቀሳለች። እጁ ተከተለ፣ ከዚያ እግሩ። ሐኪሞች የፓርኪንሰን በሽታ አሉት። በር ላይ ሲደርስ እግሩ ይተከላል፤ ብጎትተው አይንቀሳቀስም፣ ብገፋው ይወድቃል። ብስክሌት ላይ ካስቀመጥነው ግን ይነዳል። ይህን ያየ ሰው ሊያምን አልቻለም። ከግቢው በር ማዶ የምትኖረው ጎረቤታችን፣

«ያንተ በሽታ ዐዋቂ ነው፤ ለሥራ ሲሆን ይመጣል፣ ለሽርሽር ሲሆን ይሄዳል» ትለው ነበር።

«እወ ሓፍተይ፣ እኔም የምወደው ለዚህ ነው» ይላታል። እውነት ነው እህቴ ማለቱ ነው። እሱ ስድብ አይመልስም። የምመልስለት እኔ ነበርኩ።

ሌላም ነገር አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ነጻነት ሲመጣ፣ ታጋዮቹ ወደ ከተማ ሲገቡ፣ እናት ሁሉ መንገድ ዳር ነበረች። እኔም ነበርኩ። የኔ ልጅ ከገቡት ውስጥ አልነበረም። ወራት ጠበቅሁ። አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች መጡ። በእኛ ዘንድ መርዶ በማለዳ ነው፤ ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይደርሳሉ። ያን ቀን ለባሌ ነገሩት፤ እኔ ጓዳ ነበርኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ከኔ በፊት ሰምቷል። ሳምንቱን ሙሉ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሰዎች ቦታ ሲለቁልኝ፣ እኔ ደግሞ «ተራዬ አይደለም፣ ወደ ቦታችሁ ተመለሱ» እያልኩ ስጣላቸው ነበር። ለምን ይለቁልኝ እንደነበር የገባኝ ያን ማለዳ ነው። የልጄን ሞት የወለድኩት እኔ መጨረሻ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ በኔ ቤት መርዶ መጀመሪያ ለባለቤቱ ነው የሚነገረው ብዬ ማልኩ።

ሴት ልጃችን በጦርነቱ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥታ በሰሜን አውሮፓ ትኖራለች፤ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ሕሙማንን ታጥባለች፣ አልጋ ታነጥፋለች። ስልክ ስላልነበረን የምትደውለው ሓዝሓዝ ሰፈር ወደሚኖረው ወደ ባሌ ታናሽ ወንድም ቤት ነበር። አንድ እሑድ እዚያ ጠራችን። የሆስፒታሏ ሐኪሞች አዲስ ነገር እየሞከሩ ነው አለች። በአባቷ ራስ ውስጥ እጅና እግርን የሚያዝዘውን ፈሳሽ የሚሠሩት ሕዋሳት ሞተዋል፤ በሞቱት ቦታ ሕያው ሕዋስ በመርፌ ያስገባሉ። እንደ ዘር ነው፣ ከያዘ ያድጋል፣ መያዙን ደግሞ በየጊዜው ራሱን አንሥተው ያያሉ። ስሙን አስመዝግባለች፤ ተቀብለውታል።

«ዘሩ ከየት ነው?» አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ኣደይ፣» አለችኝ፤ እናቴ ማለቷ ነው። «ካልተወለዱ ሕፃናት ነው።»

«ካልተወለዱ ማለት?»

«ፅንሳቸው ከተቋረጠ። አስቀድሞ የተቋረጠ ነው፣ ለዚህ ተብሎ አይደለም። እናቶቹ ፈቅደው ፈርመዋል።»

«ልጆቹስ?»

«ኣደይ፣ በስልክ አታስጨንቂኝ።»

ወደ ቤት ስንመለስ ባሌን አላናገርኩትም። በሁለተኛው ቀን ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ብዙ ካሰቡ በኋላ «ይህን አላውቅም ልጄ፣ አላውቅም ብዬ ብነግርሽ ይሻላል» አሉኝ። ስለማያውቁት ነገር አላውቅም ያሉኝ የተማሩ ሰው ስለሆኑ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ባሌ ራሱ አፉን ከፈተ።

«እኔ ብቀር ሕፃኑ ይነሣል?»

«አይነሣም። አንተ ግን በሱ ትነሣለህ። ለሱ ማን አለቀሰለት?»

ጣቱ ጉልበቱ ላይ ትቆጥራለች። ሸሚዙን መቆለፍ ስላቃተው ደረቱ እንደተከፈተ ነበር። ተነሥቼ ቆለፍኩለት፣ በዚያው ፈቀድኩ ማለት ነው።

ሊሄድ ሲል ደግሞ ሌላ ነገር ሰማሁ። የሚዘሩት በአንዱ ወገን ብቻ ነው። ሌላው ወገን እንደነበረ ይቀራል፣ በሥዕሉ ላይ የተዘራውንና ያልተዘራውን ጎን ለጎን አይተው ልዩነቱን እንዲለኩ። ልጅቷን እንደገና በስልክ ያዝኳት።

«ሁለቱም እጆች የአንድ ሰው ናቸው። አንዱን አክመው አንዱን የሚተዉት በየትኛው ሕግ ነው?»

«የተዘራው መሥራቱ የሚታወቀው እንደዚያ ነው ኣደይ። ከያዘ በኋላ ሌላውን ያደርጉለታል።»

«እኔ ፋብሪካ ሳለሁ ከሁለት ሠራተኛ ለአንዷ ብቻ ወንበር ሲሰጡ ማሽን አቁሜአለሁ።»

«እሱ እሺ ብሏል። ያንቺ ራስ ነው እንዴ?»

ይህችኛዋ ቃል ከክርክሬ መለሰችኝ። የራሱ ባለቤት እሱ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ኮፍያ አድርጎ ተመለሰ። ኮፍያውን ሲያወልቅ በተላጨው ራሱ ላይ፣ በግራ በኩል፣ እንደ ቡና ፍሬ ያለች ጠባሳ ነበረች። በትልቅ ፖስታ የመጀመሪያውን ፊልም ይዟል፤ ከመዝራታቸው በፊት የተነሣው ነው። መስኮቱ ላይ አስደግፎ በሚንቀጠቀጠው ጣቱ አሳየኝ።

«የብስክሌት ዲናሞ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ጎማው ሲዞር መብራቱ ይበራል፣ ሲቆም ይጠፋል። መድኃኒት በክንዴ ይወጉኛል፤ ወደ ራሴ ይወጣል። ሕዋሱ የሚሠራ ከሆነ መድኃኒቱን ይወስደዋል፣ በሥዕሉ ላይ ይበራል። የማይሠራው ይጨልማል። ይኸው፣ የኔ ሁለቱም ጨልሟል።»

«ያልጨለመ ሰው ምን ይመስላል?»

«ሁለት ባቄላ ጎን ለጎን። አሳይተውኛል።»

ስድስት ወር ሲሞላ ሄዶ ራሱን አስነሥቶ ተመለሰ። ሁለተኛውን ፊልም ከመጀመሪያው ጎን አስደገፍነው። በተዘራው ወገን ላይ ጭላንጭል ነበረች። ባቄላ አትሞላም፣ የምስር ክክ ታህል ነበር። ሁለታችንም ተጠግተን አየናት። «በቅሏል» አለ። እኔ ያሰብኩት ያን ሕፃን ነው፤ በማያውቀው ሽማግሌ ራስ ውስጥ፣ በማያውቀው አገር፣ አስመራ ድረስ መጥቶ ይሠራል።

የራስ ግራ ወገን የሚያዝዘው ቀኙን ነውና ቀኝ እጁም ተሻለው። ሸሚዙን ራሱ መቆለፍ ጀመረ፤ ረጅም ጊዜ ይወስድበታል፣ እኔም አልረዳውም፣ ፊቴን አዙሬ እቆማለሁ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጎማ ሲያቀና አገኘሁት። ግራ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ በጉልበቶቹ መካከል ጨቁኖ ይዞታል፤ በቀኙ ሽቦዎቹን እየነካ ያዳምጣል። ጎማው ቀጥ ብሎ ሲዞር ቀና ብሎ አየኝ። ያን ፊቱን ከሠርጋችን ቀን ፊቱ አላሳንሰውም። ጎረቤታችን ደግሞ አልፋ ስትሄድ፣

«አሁን ደግሞ ማን መጥቶ ቀሰቀሰህ?» አለችው።

«እንግዳ አለብኝ» አላት፣ ራሱን እየነካ።

ዓመት ሲሞላ ለሦስተኛው ሄደ። ያን ጊዜ ፊልሙን ሰጥተው «ለክተን፣ አመሳክረን እናሳውቃለን» ብለው ላኩት። የተመለሰው በሐምሌ ነው። ሰማዩ እንደ ጭቃ ነበር። ፊልሙን መስኮት ላይ ብናስደግፈው ምስር ክኳ አልታየችንም። ያየሁትን አልነገርኩትም፣ እሱም ያየውን አልነገረኝም።

«ደመና ነው» አለ።

«ደመና ነው» አልኩ።

«መስከረም ይጥባ፣ ፀሐይ ስትወጣ ደህና አድርገን እናየዋለን።»

ፊልሙን አውርጄ ፖስታው ውስጥ ከተትኩት።

ልጅቷ ውጤቱን የሰማችው ነሐሴ ላይ ነው። ለአባቷ በስልክ መንገር አልቻለችም። ለአጎቷ ደውላ፣ አለቀሰች፣ እንደሚሆን አድርገህ ንገርልኝ አለችው። የባሌ ወንድም ክፉ ነገር የሚነገርበት ሌላ መንገድ አያውቅም። ሁለት ሽማግሌዎች ጨመረ፣ ንስሐ አባቴን ጨመረ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ጋቢያቸውን ለብሰው ተነሡ።

እኔ ግቢ እጠርግ ነበር። በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ። አራት ሰዎች፣ ነጭ ለብሰው፣ ማንም ማንንም ሳይቀድም ቆመዋል። መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ። ይህን አቋቋም አውቀዋለሁ። የቀረችኝ አንዲት ናት።

«ልጅቷ ናት?» አልኩ።

«አይደለችም፣ አይደለችም ሓፍተይ። ደህና ናት። ትናንት ደውላ ነበር» አለ የባሌ ወንድም።

«ማን ነው እንግዲህ?»

«ግቢና ተቀመጪ።»

«ቆሜ ነው የምሰማው።»

ንስሐ አባቴ መሬት መሬት ያያሉ። ወንድምየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሥዕሉ ተነቧል። የተዘራው አልያዘም። ያ የበራውም ጠፍቷል፣ ሞቷል። ሁለተኛውን ወገን አያደርጉለትም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለአንቺ ነው የነገርንሽ። ለሱ አትንገሪው። ተስፋውን አትንጠቂው፤ እየጠበቀ ይኑር» አለኝ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት ከማዶ ጩኸት ተነሣ። ጎረቤታችን ሽማግሌዎቹን በራችን ላይ አይታለች። አራት ነጭ ለባሽ በማለዳ፣ ቄስ ጨምሮ፣ በሽተኛ ባለበት ቤት። ሌላ ምን ትበል?

«ወይለይ! ወይለይ ሓወይ!» ወዮልኝ ወንድሜ ማለቷ ነው።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ገባች። ከኋላዋ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። ለመናገር ብሞክር ማን ይስማኝ። አንዷ አንገቴን አንቃ አለቀሰችብኝ። አንድ የእድር ሰው የድንኳኑን እንጨት ሊያመጣ ሲሮጥ አየሁት። ጎረቤታችን ደግሞ መሃል ገብታ ታሞግሳለች። እጁ ወርቅ ነበረ፣ ድካም የማያውቅ፣ ከፀሐይ ቀድሞ የሚነሣ ሠራተኛ ነበረ።

ሁሉንም ትቼ ወደ ውስጥ ገባሁ። አልጋው ላይ ነቅቶ ተኝቷል። ያለ ሰው እርዳታ ስለማይነሣ ጣሪያውን እያየ ያዳምጣል።

«ኣደ ቆልዑ፣» አለኝ፤ የልጆች እናት ማለት ነው፣ ሁልጊዜ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው። «ይህች ከማዶ ያለችው ናት?»

«እሷ ናት።»

«ከፀሐይ ቀድሞ የሚነሣ አለች፣ ልክ ሰማሁ?»

«ልክ ሰማህ።»

«ተያት፣ ትጨርስ። ሌላ ጊዜ አላገኘውም።» ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ፊቱ ከታሰረ ቆይቷል፣ ዓይኑ ብቻ ነው የሳቀው። ከዚያ ዓይኑም ተወ። «ማን ሞተ?»

በሩ ላይ ወንድሙ ቆሞ ራሱን ይነቀንቅልኛል፣ አይሆንም፣ አይሆንም እያለ። የልጆቼ አባት ራስጌው ወደ በሩ ስለሆነ አያየውም። ወንድሙን አየሁት፣ እሱን አየሁት። እውነት ለመናገር ለመዋሸት ፈልጌ ነበር። የጎረቤት ሰው ሞተ ብዬ ብነግረው ያምነኝ ነበር። መስከረምን ይጠብቅ ነበር። ግን ያ የዳቦ ቤት ሰልፍ ትዝ አለኝ፤ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እኔ ብቻ «ተራዬ አይደለም» እያልኩ ስሟገት። ነገ ግቢው በሙሉ ስለ እሱ ራስ ያውቃል፣ እሱ ብቻ አያውቅም፤ በር ላይ ሲተከል አዝነው ያሳልፉታል።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ቀኝ እጁን ያዝኩ።

«የዘሩብህ ነው የሞተው» አልኩት። «ሥዕሉን አነበቡት። መብራቱ ጠፍቷል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ወንድሙ ፊቱን ሸፍኖ ወጣ። በውጭ ያለው ልቅሶ አልበረደም። እጁ በእጄ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ከሰውየው ቀድማ የሰማች ይመስል።

«አንድ ነገር ደብቄሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ዘሩ ከአንድ ሕፃን አልነበረም። አንዱ አይበቃም። ከብዙ ነው ብለውኛል። ስንት እንደሆኑ አልጠየቅሁም፤ ፈራሁ።»

«ለምን ደበቅኸኝ?»

«አትፈቅጂም ነበር።»

እውነቱን ነው። አልፈቅድም ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ነገር ወር ሙሉ አልለቀውም ነበር።

«ሰው አላለቀሰላቸውም ብለሽኝ ነበር» አለ። «ዓመት ሙሉ እኔ ውስጥ ነበሩ። ሸሚዜን ቆልፈውልኛል። ሴቶቹን አትበትኛቸው።»

ወጣሁ። ግቢው ሞልቷል። እጄን ሳነሣ ቀስ በቀስ ጸጥ አሉ።

«የልጆቼ አባት በሕይወት አለ» አልኳቸው።

ጎረቤታችን በድንጋጤ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ከኋላ አንዷ ሳቀች፣ ቶሎም ተወችው።

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?» አለች አንዷ።

«ልጆች ናቸው።»

«የማን ልጆች?»

«እናቶቻቸውን አላውቅም። ስም የላቸውም። እኛን ረድተውን ነበር። ማንም አላለቀሰላቸውም።»

ከዚህ በላይ ማስረዳት አልቻልኩም፣ አልፈለግሁምም። እርስ በርስ ተያዩ። ይሄዳሉ ብዬ ነበር። በዕድሜ ከሁላችን የምትበልጥ አንዲት መበለት፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿ ወጥተው ያልተመለሱባት፣ የፈታችውን ነጠላ እንደገና አሰረች። «የሰው ልጅ ከሆኑ ይበቃል» አለችና ጀመረች። ሌሎቹ ተከተሏት። እኔም ተከተልኳት። ንስሐ አባቴ ፍትሐት አላደረጉም፣ ግን አልሄዱም፤ ልቅሶው እስኪያልቅ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

ለልጄ ያላለቀስኩት ልቅሶ ያን ማለዳ ወጣ። ያኔ ሰው ሁሉ አልቅሶ ጨርሶ ነበር የደረስኩት።

ልጅቷ ስትሰማ በስልክ ተቆጣችኝ። «አጎቴ አትንገሪው እያለሽ!» አለችኝ። ወንድምየውም ለብዙ ጊዜ ቤታችን አልመጣም። ጥፋተኛ አይደለሽም ያለኝ ሰው የለም፣ የልጆቼ አባት እንኳ አላለኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ጎማ አላቀናም። ሸሚዙን እኔ መቆለፍ ጀመርኩ። ሕዋሱ ስለሞተ ነው ወይስ እኔ ስለነገርኩት ነው? ይህን የሚያነሣ ሥዕል የለም። ባልነግረው ኖሮ ምናልባት ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ጎማውን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ያን ሦስት ወር ከሱ የወሰድኩት እኔ ልሁን አልሁን አላውቅም። የራሱ ባለቤት እሱ ነበር፤ ይህን ግን አውቃለሁ።

መስከረም ጠባ። አንድ ጠዋት ደመና አንድም ሳይኖር ፀሐይዋ መስኮታችን ላይ በቀጥታ ወጣች። ቁርሱን አብልቼው አፉን ስጠርግለት ወደ ቁም ሳጥኑ አየ።

«ሦስተኛውን አምጪው» አለኝ።

«አውቀነዋል እኮ።»

«በፀሐይ እናየዋለን ብለን ነበር።»

አመጣሁ። ፊልሙን መስኮቱ ላይ አስደግፌ በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ፤ ብርሃኑ አልፎት ፊቴ ላይ መጣ። የራሱ ቅርጽ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ከሐምሌው ይልቅ ጥርት ብሎ። መካከሉ በሁለቱም ወገን ጥቁር ነበር።

ዓይኑን ሳያነቅል ብዙ አየው። እኔም ክንዴ እስኪዝል ያዝኩት።

«እሺ» አለ። «አውርጂው።»